«ይረፉ» ያልኳቸው እናት

የማወራው ስለ አጥንት ነው። የክፍላችን ሴቶች፣ እኛም ወደ ሃምሳው እየተጠጋን ስለሆነ ሌላ ሰው ነው የሚመለከተው ብላችሁ እንዳትተኙ።

ተመርቄ መጀመሪያ የሠራሁት መተማ ቆላ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ሳሉጉ ሲጎርፍ ወባውና ካላዛሩ ፋታ አይሰጡም። ስለዚህ «ወገቤን፣ ጉልበቴን» የሚሉ እናቶችን ቶሎ ነበር የምሸኛቸው። አንዲት ስድሳ ያለፋቸው እናት መጡ። «እማማ፣ ከእንግዲህ በቃዎት፤ ይረፉ» አልኳቸው። ምራታቸው ደስ እያላት ጀሪካኑንም ሙቀጫውንም ተቀበለቻቸው። በዓመቱ ከዱካ ሲነሱ ወድቀው፣ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ በቃሬዛ አመጧቸው። «ልጄ፣ እንዳልሽኝ ተቀምጬ ነበር» አሉኝ። ወደ ጎንደር ላክናቸው። ስብራቱን ያመጣው መቀመጡ ብቻ ነው አልልም፤ ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የወር አበባ ሲቆም ኢስትሮጅን ይቀንስና አጥንት ከሚገነባው የሚፈርሰው ይበልጣል። ጭነት ያልተሰማው አጥንት ደግሞ ራሱን አያጠናክርም። ጡንቻውም ይከሳል፣ ሰው ይወድቃል። «የኛ እናቶች ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመዋል፤ ደግሞ ምን ስፖርት?» የሚለኝ አይጠፋም። የውሃና የእንጨት ሸክም የሚለካው በቤቱ ፍላጎት እንጂ በእሳቸው አቅም አይደለም፤ ሲቆምም በአንድ ቀን ይቆማል።

አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሊፍትሞር የተባለ ጥናት አለ። የወር አበባቸው የቆመና አጥንታቸው የሳሳ ሴቶች በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት፣ በባለሙያ ፊት ከባድ ክብደት አነሱ። በ8 ወር የወገባቸው አጥንት ጥግግት 2.9 በመቶ ጨመረ፤ ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ ይሠሩ የነበሩት ግን 1.2 በመቶ ቀነሰባቸው። እንግዲህ እኛ ለሁሉም የምናዝዘው የእግር ጉዞ ለልብ መልካም ነው፤ ብቻውን ለአጥንት ብዙ አይፈይድም።

ባርቤል መተማ ድረስ እንውሰድ አላልኩም። እኔ የምጀምረው ከመደብ ነው፦ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ መነሳትና መቀመጥ፣ ሲቀል ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ታቅፎ። ምሰሶ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ በአንድ እግር መቆም። ከዚያ ጉልበት አጥፎ፣ ጀርባ ቀጥ አድርጎ ጀሪካኑን ከመሬት ማንሳት፤ ቀስ በቀስ ወደ 10 ሊትር። ቆላው በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሥራው ጎህ ሲቀድ ነው። ቁመታቸው ያጠረ ወይም ድንገተኛ የጀርባ ሕመም ያለባቸው እናት ግን ሳይመረመሩ አይጀምሩ።

ጎንደር ለቡድን ሥልጠና ቤት ለቤት ስንዞር ሽንት ቤት ቆጥረናል፣ ክትባት ጠይቀናል። አሁን የምታስተምሩ ጓደኞቼ፣ መጠይቁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩልኝ፦ «እማማ በእጃቸው ሳይደገፉ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ይነሳሉ?»