ደብተራችንን በገዛ እጃችን እንስፋ

  ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቀላል የእጅ ሥራ ነው። ይኸውም ደብተር መስፋት ነው። ከተራረፈ ወረቀት፣ ከካርቶንና ከክር በቤታችን ተቀምጠን የምንሠራውን ደብተር ማለቴ ነው።

«ደብተር በሱቅ ሞልቶ የለም ወይ? ምን አደከመን?» የሚል አይጠፋም። የቻለ ይግዛ። ነገር ግን በብዙ ቤት ደብተር የሚገዛው ለተማሪ ልጅ ነው። ለእናትና ለአባት ደብተር መግዛት እንደ ቅብጠት ይቆጠራል። ስለዚህ ጎልማሳው ተማሪ ማታ በክፍል ውስጥ ይጽፋል፤ ቤቱ ሲገባ ግን የሚጽፍበት የለውም። ክረምት ይገባል፤ እርሻው አለ፣ አረሙ አለ፤ ትምህርቱ ይቋረጣል። በመስከረም ሲመለስ ፊደሉ ከእጁ ጠፍቶ ይገኛል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። በኋላም ትምህርቱ እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ያን ጊዜ ማንበብና መጻፍ ከቻሉት ውስጥ ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ዘመቻው ካለፈ በኋላ ፊደሉን መልሰው ረስተውታል። ሰነፎች ሆነው አይደለም። የሚያነቡትና የሚጽፉበት ነገር በእጃቸው ስላልነበረ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

አንድ ዓመት የማታ ተማሪዎቼ የጻፉትን ወረቀት ሰብስቤ እንደ መጽሐፍ አንድ ላይ ላደርገው አሰብኩ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የማስተማሪያ መርጃ ከወዳደቀ ዕቃ መሥራት ተምረናል። በዱቄት ሙጫ ማጣበቅ የተካንኩ መስሎኝ ነበር። የስንዴ ዱቄት በውኃ በጠበጥኩ፤ በእሳት እያማሰልኩ አፈላሁት፤ የወረቀቶቹን ጠርዝ በሙጫው ለሰንኩት፤ ካርቶን ለበጥኩበት። ሲደርቅ አማረ። በሣጥን አስቀመጥኩትና ለክረምቱ ወደ ዘመዶቼ አገር ሄድኩ።

በመስከረም ሣጥኑን ስከፍት ጀርባው ሻግቷል። ሻጋታው እንኳ ይሻል ነበር። አይጥ ገብታ ሙጫ የነካውን ጠርዝ በሙሉ በልታዋለች። ለካስ እኔ መጽሐፍ የሠራሁ መስሎኝ ለአይጥ ቂጣ ጋግሬያለሁ!

ከተበሉት ወረቀቶች አንዱ የአንዲት እናት ነበር። ዕድሜያቸው ከ60 ያልፋል፤ መሶብና ሌማት ሰፍተው ይሸጣሉ። ያ ወረቀት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፉት ነው። የ7 ልጆቻቸውን ስም ከላይ እስከ ታች በተርታ ጽፈውበታል። ከ7ቱ 2ቱ በሕፃንነታቸው የሞቱ ናቸው። የእነዚያ የ2ቱ ስም ከዚያ በፊት በየትም ቦታ ተጽፎ አያውቅም። እንግዲህ አስቡት፤ አማርኛ የሚጻፈው ከግራ ጀምሮ ነው፤ እኔም ሙጫ የቀባሁት የግራውን ጠርዝ ነው። አይጧ የበላችው የእያንዳንዱን ልጅ ስም መነሻ ፊደል ነበር።

አፍሬ ወረቀቱን ይዤ ቀረብኩ። እሳቸውም አገላብጠው አዩት። ብዙ ዝም አሉ። በኋላ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ወረቀት እንደ ግድግዳ ይለሰናል እንዴ? ይሰፋል እንጂ!» አሉኝ። በማግሥቱ ማታ ወስፌያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። አሁን የማስረዳችሁ አሰፋፍ ያን ዕለት ማታ ሁለታችን በኩራዝ ብርሃን ተጋግዘን የሠራነው ነው። ልኬቱ የእኔ ነው፤ እጁ የእሳቸው ነው።

እርግጥ አባባላቸው የቆየ ጥበብ ነው። የብራና መጻሕፍታችን የሚሠሩት እንዲሁ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይፋቃል፤ ተቆርጦ ይታጠፋል፤ ከዚያ ከእንጨት ገበታ ጋር በክር ይሰፋል። በአድዋ አካባቢ በሚገኘው ገዳም ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ብራናው ከ1300 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው በምርመራ ታውቋል። የተሰፋ መጽሐፍ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ክሩ ቢያረጅ ክሩን ፈትቶ እንደገና መስፋት ይቻላል፤ ጽሑፉ አይነካም።

እሺ፣ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ወረቀት እንፈልግ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የልጆቻችሁን ደብተሮች ሰብስቡ። ብዙዎቹ አላለቁም። ለምሳሌ 50 ሉክ ያለውን ደብተር እንውሰድ። አንድ ሉክ ማለት ፊትና ጀርባ ያለው አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። ልጁ 20 ሉክ ብቻ ጽፎበት ከሆነ 30 ሉክ ንጹሕ ወረቀት ተርፏል። በመኻል ያለውን ሽቦ በቢላዋ ጫፍ አቅንታችሁ ንቀሉት። ወረቀቶቹ ሁሉ ለሁለት የታጠፉ መሆናቸውን ታያላችሁ። ከመኻል ያሉት 5 ወረቀቶች ግራም ቀኛቸውም ንጹሕ ነው፤ እነዚህን እንደታጠፉ ለብቻ አስቀምጡ። የቀሩት ግን አንዱ ጎናቸው ተጽፎበታል። እነሱን በመታጠፊያው ላይ ቀስ ብላችሁ ቅደዱና ንጹሑን ቅጠል ለዩ፤ 20 ቅጠል ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ አስተማሪ ነኝና ሳልናገር አላልፍም። የልጁን ደብተር ሳትጠይቁት አትቅደዱ። የተጻፈበትንም አትጣሉ፤ በሚመጣው ዓመት ያነበዋል።

እንዲህ ካሉ 2 ደብተሮች 10 የታጠፉ ወረቀቶች ይገኛሉ። 10 ወረቀት ሲታጠፍ 20 ቅጠል ይሆናል፤ ፊትና ጀርባው ሲቆጠር 40 ገጽ ነው። በአንድ ጊዜ ከ10 ወረቀት በላይ አትስፉ። ሲበዛ የውስጦቹ ወደ ውጭ እየተገፉ ጠርዙ ይዛነፋል፤ ለወስፌም ያስቸግራል።

ለልባሱ የፓስታ ወይም የሳሙና ካርቶን ይበቃል። በአንዳንድ ቦታ የሲሚንቶ ከረጢት ሲጠቀሙ አይቻለሁ። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሲሚንቶ ብናኝ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ እጅም ያቃጥላል። ካርቶን እያለ ባትነኩት እመርጣለሁ። ካርቶኑን በተዘረጋው ወረቀት ልክ ቁረጡና በመኻሉ እጠፉት።

ክሩ የጥጥ ፈትል ቢሆን ጥሩ ነው። ድርብ አድርጋችሁ ክረሩት። ርዝመቱ የደብተሩን ቁመት 3 እጥፍ ይሁን። አሁን የጧፍ ቁራጭ ወይም ትንሽ ሰም ያዙና ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ጊዜ እሹበት። ሰም የነካው ክር አይተበተብም፤ ወረቀቱንም እየጋዘ አይቀድም፤ ቋጠሮውም አይፈታም። ይህን ያሳዩኝ እኚያው እናት ናቸው። እኔ ሰሙን እንደ ትርፍ ሥራ ቆጥሬው ነበር። ያለ ሰም የሰፋሁት የመጀመሪያው ደብተር በሳምንቱ ላላ።

ቀጥሎ ቀዳዳ እናበጃለን። የታጠፉትን ወረቀቶች አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገቡ፤ ከውጭ ካርቶኑን አልብሱ። ደብተሩን በመኻሉ ክፈቱት። መኻሉን በዓይን አትገምቱ። በደብተሩ ቁመት ልክ ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ቁረጡና ለሁለት እጠፉት። ዘርግታችሁ መታጠፊያው ላይ አስቀምጡት፤ እጥፋቱ ትክክለኛውን መኻል ያሳያችኋል። እዚያ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ሌላ ነጥብ ከላይኛው ጫፍ 3 ጣት ዝቅ ብላችሁ፣ ሌላም ከታችኛው ጫፍ 3 ጣት ከፍ ብላችሁ አድርጉ። በጠቅላላው 3 ነጥብ ሆነ። ከሥሩ ታጥፎ የወፈረ ጆንያ አንጥፉና በወስፌ ከውስጥ ወደ ውጭ ውጉት። ወስፌ ከሌለ ወፍራም መርፌ ወይም ቀጭን ሚስማር ይሠራል። ጣታችሁን ከወስፌው ፊት አርቁ።

አሁን መርፌውን ያዙና ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ከውስጥ በመኻለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡት። የክሩን ጫፍ 4 ጣት ያህል ከውስጥ አስቀሩ፤ በኋላ እንቋጥረዋለን። ከውጭ ወደ ላይ ውሰዱና በላይኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገቡት። አሁን ከውስጥ ናችሁ። መኻለኛውን ቀዳዳ ዝለሉት፤ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታችኛው ቀዳዳ ውረዱና ወደ ውጭ አውጡት። ከውጭ ወደ መኻል ተመለሱና በመኻለኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገቡት። ሁለቱ የክር ጫፎች በመኻል ተገናኙ። በመካከላቸው ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ረጅም ክር አለ። አንዱ ጫፍ በግራው፣ ሌላው በቀኙ ይሁን። ሁለቱን ያን ረጅም ክር አሳልፋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ 2 ጊዜ ቋጥሩ። ክሩን ስትጎትቱ ወደ ላይ አታንሡ፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። በመታጠፊያው አቅጣጫ ሳቡት። ደብተሩ ተሰፋ።

የተቀደዱት ነጠላ ቅጠሎችስ? እነሱንም አትጣሉ። ደርድሩና በግራ ጎን ከጠርዙ አንድ ጣት ገባ ብላችሁ 3 ቀዳዳ ብሱ። በዚያው በተማራችሁት አኳኋን ስፏቸው። እንደ መጀመሪያው ተዘርግቶ አይከፈትም እንጂ ይጻፍበታል።

ታዲያ በዚህ ደብተር ምን እንጻፍበት? እኔ የምመክረው ልኬት ያለውን ነገር ነው። ልኬት በጭንቅላት ሲያዝ ይሳሳታል። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው በቤት የምናዘጋጀውን የጨውና የስኳር ውኃ ተመልከቱ። ከጤና ኬላ የሚሰጠው የተዘጋጀ ዱቄት ካለ እርሱ ይቀድማል። ከሌለ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ በልኩ የተሞሉ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ማንኪያው አይቆለል፤ በቢላዋ ጀርባ ይታበስ። ጨው ሲበዛ ልጁን ይጎዳል። «ትንሽ ጨው» ብሎ ማስታወስና «ግማሽ የሻይ ማንኪያ» ብሎ ማንበብ አንድ አይደለም። ይህን በመጀመሪያው ገጽ ጻፉት። ልጁንም ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እኚያ እናት ግን በመጀመሪያው ገጽ የጻፉት ሌላ ነው። የ7ቱን ልጆች ስም እንደገና ጻፉ። በዚህ ጊዜ ከጠርዙ 3 ጣት ርቀው ጀመሩ። በሁለተኛው ገጽ ስለ ስፌታቸው መጻፍ ጀመሩ። ለአንድ መሶብ ስንደዶና አክርማ የገዙበትን፣ ለአለላው ቀለም ያወጡትን፣ የሰፉበትን ቀን አንድ በአንድ ያሠፍራሉ። ቀኑን በጭረት ነበር የሚቆጥሩት፤ ቁጥር ሲለምዱ በቁጥር ጻፉት። መሶቡ ሲያልቅ ደመርነው። 23 ቀን ፈጅቷል። ነጋዴው ሁልጊዜ የሚሰጣቸው ዋጋ ዕቃ የገዙበትን ከፍሎ ለ23 ቀን ድካማቸው የሚያስቀረው ከቡና ዋጋ እምብዛም አያልፍም ነበር። ደብተሩን ብዙ አዩት። «ስንት ዓመት ሙሉ በነጻ ሰፋሁ?» አሉ። እኔ መልስ አልነበረኝም።

በዚያ ቅዳሜ መሶቡን ይዘው ገበያ ወጡ፤ ዋጋውን ጨምረው ጠሩ። ነጋዴው ሳቀ። መሶቡን ሳይሸጡ ተሸክመው ተመለሱ። በሁለተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ። በቤታቸው ጨው አልቆ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። በሦስተኛው ቅዳሜ ከጠሩት ጥቂት ዝቅ ባለ ዋጋ ሸጡት። ያንንም ጻፉት።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ ስለ አቀማመጡ። ደብተሩን መሬት ላይ ወይም እህል ካለበት አጠገብ አታስቀምጡ። ስትቋጥሩ ክሩን ከላይኛው ቀዳዳ ትንሽ አስረዝማችሁ ማንጠልጠያ አብጁለት። ዝናብ ከማያንጠባጥብበትና ከምድጃው ራቅ ካለ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። የእኚያ እናት ደብተር ከስፌቶቻቸው ጋር በምስማር ተሰቅሏል፤ ወስፌውም በክሩ ላይ ተሰክቷል።

በሚቀጥለው ንግግራችን ከመብራት ጥቀርሻ ቀለም እንዴት እንደሚዘጋጅ እናያለን። እስከዚያው ደብተራችሁን ሰፍታችሁ፣ እርሳስ ቀርጻችሁ ጠብቁን።