ጊዜው ያለፈበትን የፒክአፕ ሰርቪስ ማካካስ፦ ከምን እንጀምር?

ለሞዴል አርሶ አደሮችና ከፊል አርብቶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር



በሥልጠናችን ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ዘር፣ ስለ አፈርና ስለ እንስሳት ጤና ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን ምርቱን ከማሳ እስከ ገበያ ስለሚያደርስልን ንብረት፣ ስለ ፒክአፕ መኪናችን ነው። ከአውበሬ፣ ከጉርሱም፣ ከቱሊጉሌድና ከቀብሪበያህ ቀበሌዎች ማሽላው፣ በቆሎው፣ ስንዴውና ወተቱ ወደ ጅግጅጋ የሚገባው፣ ፍየሉና በጉ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወጣው በአመዛኙ በዚህ መኪና ነው። መኪናው ደግሞ ጭነት ብቻ አይጭንም። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ብዙ ጊዜ በጎረቤት ፒክአፕ ነው። ስለዚህ የመኪናችሁ ጤና የእናንተ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቀበሌው ሁሉ ጉዳይ ነው።

አብዛኞቹ መኪናዎቻችን ብዙ የሠሩ ናቸው። 200,000 እና 300,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር በመካከላችን ብርቅ አይደለም። ብዙዎቹም ከሌላ ሰው እጅ የተገዙ ስለሆኑ ምን እንደተቀየረላቸው፣ ምን እንደቀረባቸው የሚገልጽ ወረቀት የላቸውም። ዝናብ ሲጠፋ ገንዘብ የለም፣ ዝናብ ሲመጣ ጊዜ የለም፤ በዚህ መካከል ሰርቪሱ ይተላለፋል። የዛሬው ጥያቄ ለምን ተላለፈ ሳይሆን፣ አሁን ከምን እንጀምር የሚለው ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰው እናያለን። አንደኛው «እስካሁን ሄዷል፣ ወደፊትም ይሄዳል» ብሎ ይተወዋል። ሁለተኛው መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ «ሁሉንም ሥሩልኝ» ይላል፤ ገንዘቡ በማያስቸኩለው ሥራ ያልቅና ፍሬኑ ሳይነካ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ ቅደም ተከተል መያዝ ነው። መጀመሪያ ሰውን የሚገድለው፣ ቀጥሎ ሞተሩን የሚገድለው፣ በመጨረሻ ቀስ በቀስ የሚያልቀው። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄድን ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ባይሞላም ችግር የለም።

ምንም ሳይገዙ መመርመር

ግማሽ ቀን መድቡ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የሞተሩን ዘይት፣ የራዲያተሩን ውኃና የፍሬኑን ዘይት መጠን እዩ። ከሥር ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሩትና ጠዋት ምን እንደንጠባጠበ ተመልከቱ። እያንዳንዱን ጎማ በክሪክ አንሡና ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ወይም የመሪው ማያያዣ አልቋል ማለት ነው።

ያያችሁትን ሁሉ በደብተር ጻፉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ቀኑንና ቆጣሪው የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር አስፍሩ። አንድ ደንብ ያዙ፦ መቼ እንደተቀየረ በጽሑፍ የማይታወቅ ነገር እንዳልተቀየረ ይቆጠራል። የሻጩ ቃል ማስረጃ አይደለም። ቆጣሪው ከተበላሸ በወር ቁጠሩ።

አንደኛ ዙር፦ የሰው ሕይወት

ይህ ዙር ገንዘብ እስኪገኝ አይጠብቅም። ገንዘብ ከሌለ መኪናው ይቁም እንጂ ጭነት አይጫንበት።

ፍሬን። አሥር ኩንታል ማሽላ የጫነና ከላዩ ሰው ያሳፈረ ፒክአፕ ካራማራን ሲወርድ ምን እንደሚሆን እናስብ። ሾፌሩ ፍሬኑን እየረገጠ ሲወርድ ሸራው ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የያዘ ዘይት ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ ኃይል አያስተላልፍም። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሜዳ ላይ ደህና የነበረ ፍሬን ቁልቁለት ላይ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር። ሸራው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከሳሳ አትጠብቁ። የኋላውንም ከበሮ አስከፍታችሁ እዩ፤ ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ያያል። ቁልቁለቱን ደግሞ በከባድ ማርሽ ውረዱ።

ጎማ። በጎማው ጎን ላይ በተከበበ ቦታ አራት አኃዝ አለ። ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ጎኑ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ በሙቀትና በጭነት ይፈነዳል። ስኮርታውንም አትርሱ።

ጭነት። አብዛኞቹ ሃይሉክሶች የተሠሩት እስከ አንድ ቶን ገደማ፣ ማለትም አሥር ኩንታል ያህል እንዲሸከሙ ነው፤ የላይኛው ተሳፋሪም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። አሥራ አምስትና ሃያ ኩንታል ሲጫን ባሌስትራው፣ ጎማውና ፍሬኑ አብረው ይደክማሉ።

ሁለተኛ ዙር፦ ሞተሩ

ዘይትና ፊልትሮ። በአቧራና በጭነት ለሚሠራ የናፍጣ ሞተር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን መቀየር ተገቢ ነው። ብዙ የቆየ ዘይት ከሆነ አንድ ጊዜ መቀየር አይበቃም። አዲሱ ዘይት የቆየውን ጥላሸት እያጠበ ቶሎ ይቆሽሻል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ከ1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አውጡና እንደገና ቀይሩ፤ ከዚያ በኋላ በየ5,000 ቀጥሉ።

የአየር ፊልትሮ። የጅላል አቧራ ለሞተር አሸዋ ወረቀት ነው። ፊልትሮውን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አውጥታችሁ እዩ። ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ይነፋ። የወረቀት ፊልትሮ በውኃ አይታጠብም። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ከተሰነጠቀ አዲስ ፊልትሮ መግዛቱም ዋጋ የለውም፤ አቧራው በስንጥቁ ይገባል።

የራዲያተር ውኃ። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ተራ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ግፊት ሲይዝ የመፍያው ሙቀት ከፍ ይላል። የክዳኑ ላስቲክ ካለቀ ውኃው ይፈላል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታውም ይጣመማል። ክዳን መለወጥ ቀላል ወጪ ነው፤ ቴስታታ ማሠራት ግን የአንድ መኸር ትርፍ ሊበላ ይችላል። የቢርካ ውኃ ጭቃ፣ የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ማዕድን ስላለው ቱቦውን ይደፍናል። በመንገድ ላይ ካልቸገረ በቀር ንጹሕ ውኃ ከራዲያተር ፈሳሽ ጋር ቀላቅሉ፤ ተራው ዓይነት በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ሞተሩ ግሎ ሳለ ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ።

የናፍጣ ፊልትሮ። ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ውኃና ቆሻሻ አያጣውም። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ እየከፈታችሁ ውኃውን አውጡ፤ ፊልትሮውን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ።

የታይሚንግ ቺንጋ። ይህ ሲያልቅ ድምፅ የማያሰማ፣ ሲበጠስ ግን ሞተሩን የሚሰብር ነው። ሲበጠስ ፒስተኑ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫል። የቀድሞዎቹ የናፍጣ ሃይሉክሶችና የ4.2 ሊትሩ ላንድክሩዘር ቺንጋ አላቸው፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 ወዲህ የመጡት የ2.4 እና የ2.8 ሊትር አዳዲስ የናፍጣ ሃይሉክስ ሞተሮች በሰንሰለት ይሠራሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ መካኒኩን ጠይቁ። ቺንጋ ሆኖ መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ከመኸር ጭነት በፊት ይቀየር። ሲቀየርም መወጠሪያው ኩሽኔታ አብሮ ይለወጥ፤ ያለዚያ አዲሱን ቺንጋ አሮጌው ኩሽኔታ ይበጥሰዋል።

ሦስተኛ ዙር፦ ቀስ በቀስ የሚያልቀው

የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ነገር ግን በጎርፍ ጊዜ የፋፈንን ወይም የጀረርን ወንዝ የተሻገረ መኪና ኪሎ ሜትር አይጠብቅም። የዲፈረንሻሉን ቡሎን ፈትታችሁ ዘይቱን እዩ። እንደ ሻይ በወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ወዲያው ይቀየር። የትራስሚሲዮኑን ክሮቼራ በግራሶ አስሞሉ። የፊት ኩሽኔታዎች ታጥበው አዲስ ግራሶ ይግባላቸው። ባሌስትራው ውስጥ የተሰበረ ቅጠል መኖሩን እዩ። ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ ጭነት ከመጀመሩ በፊት ይሠራ።

መቼ? በምን ገንዘብ?

የካራን ዝናብ ሲያበቃና አዝመራው ሳይታጨድ ያለችው ጊዜ ለሁለተኛው ዙር የተመቸች ናት። ሦስተኛው ዙር ከምርት ሽያጭ በኋላ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከመፈለግ ከእያንዳንዱ የጭነት ጉዞ ጥቂት እያነሣችሁ ለመኪናው ብቻ አስቀምጡ። ለከብት ክትባት በሽታው እስኪገባ አንጠብቅም፤ ለመኪናም እንዲሁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው።

መለዋወጫ ስትገዙ የታሸገውን ግዙ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሲቀየር እዚያው ቁሙ፤ አሮጌውን ዕቃ ተረከቡ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የተቀየረውን በአማርኛም ሆነ በሶማሊኛ በደብተራችሁ ጻፉ። መኪናውን የምትሸጡ ቀን ያ ደብተር ዋጋ ይጨምርላችኋል።

እንስሳቶቻችንን እንጠብቅ

አንድ ማሳሰቢያ ለአርቢዎች። የራዲያተር ፈሳሽ ይጣፍጣል፤ መርዝም ነው። በሳህን ተቀድቶ ከተተወ ፍየልና ውሻ ጠጥቶ ይሞታል። የተቃጠለ ዘይት ማሳ ላይ ወይም ቢርካ አጠገብ አይደፋ። ለግመል እከክ የሚቀቡም አሉ፤ ቆዳ ይጎዳል፣ ለወተቱም አይበጅም። መድኃኒቱን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይስጣችሁ። ዘይቱን በጀሪካን ሰብስባችሁ ለሚረከብ ጋራዥ ስጡ።

የቤት ሥራ

ለሚቀጥለው ሥልጠና እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ። በገጹ ላይ ሦስት ነገር ይኑር፦ ቆጣሪው የሚያሳየው ኪሎ ሜትር፣ በምርመራ ያገኛችሁት ጉድለት፣ ለመጀመሪያው ዙር የወሰናችሁት ቀን። መኪና የሌላችሁ ደግሞ ምርታችሁን ከሚጭንላችሁ ጎረቤት ጋር አብራችሁ መርምሩ። በዚያ መኪና ላይ የሚሳፈረው የእናንተ እህልና የእናንተ ልጅ ነውና ስለ ፍሬኑ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄና ውይይት እንለፍ።