በስብሰባችን ላይ ዝም የሚለው ማን ነው?

  

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ የሁላችንንም ቤት የሚነካ ነው፤ የእድርና የጀመዓ ስብሰባ። ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አንድ ጊዜ የሰፈራችን እድር መዋጮ እንዲጨመር ስንሰበሰብ ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ። ገና ከመጀመራችን ሐሳቤን ተናገርኩና «ተቃውሞ ያለው?» አልኩ። ሁሉም ዝም አለ። ዝምታውን ስምምነት ነው ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ አስፈረምኩ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት መዋጮ አቋረጡ። ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው፣ «ሸኼ፣ እርስዎ ከተናገሩ በኋላ እኔ ምን እላለሁ? የለኝም ማለትም አፈርኩ» አሉኝ።

ወንድሞችና እህቶች! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ እየወረደላቸው እንኳ ያማክሩ ነበር። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ (625) ከኡሑድ ዘመቻ በፊት የእርሳቸው ዝንባሌ መዲና ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር። ብዙዎች፣ በተለይም በድር ያመለጣቸው ወጣቶች፣ ወጥቶ መግጠምን መረጡ፤ እርሳቸውም ወጡ። በዚያ ቀን 70 ያህል ሰሐባዎች ሸሂድ ሆኑ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የወረደው የሱረቱ ኣሊ ዒምራን 159ኛው አንቀጽ ይቅር እንዲሏቸውና በጉዳዩ እንዲያማክሯቸው አዘዘ። ውጤቱ አልሰመረም ተብሎ የምክክር በር አልተዘጋም። ሐሳብ የሰጠ ሰው ነገ እንደማይወቀስበት ካላወቀ አፉን አይከፍትም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ሰብሳቢው የራሱን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ይናገር። ሁለተኛ፣ ከውይይቱ በፊት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ አምስት ደቂቃ ይነጋገሩ። በጉባኤ ፊት መናገር የሚፈራ ሰው ለጎረቤቱ መናገር አያቅተውም፤ ከዚያም አንደኛው የሁለቱን ሐሳብ ለጉባኤው ያቅርብ። ሦስተኛ፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ሳይደርሰው ማንም ሁለተኛ አይናገር። ተራውን ከወጣቶችና ከእህቶች እንጀምር፤ «ይለፈኝ» ያለም አይገደድ። አራተኛ፣ ለሌላው መልስ ከመስጠታችን በፊት «ያልከው ይህን ነው?» ብለን የተናገረውን እንድገምለት። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ይበርዳል።

አንድ ነገር ግን አደራ! የተቸገረ ሰው ችግሩን በአደባባይ እንዲዘረዝር አንጠይቅ። በስብሰባ የተነገረ የሰው ጉዳይ አማና ነው፤ ከበር ውጭ ሐሜት ከሆነ የሚቀጥለው ስብሰባ ባዶ ነው። የወሰንነውን መፈጸም አለመፈጸማችንንም በሚቀጥለው ስብሰባ መክፈቻ ላይ እንናገር። እምነት የሚገነባው እንዲህ ነው።

እኛም ስብሰባውን እንደገና ጠራን። ሁለት ሁለት ሆነን ስንነጋገር መዋጮው የከበዳቸው እኚያ እናት ብቻ እንዳልነበሩ ታወቀ። እርሳቸው ያን ቀንም በጉባኤው አልተናገሩም፤ አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅ ግን ሐሳባቸውን አደረሰችላቸው። መዋጮው ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ አቅም ያለው በፈቃዱ እንዲጨምር ተስማማን። እናታችንም ወደ እድራቸው ተመለሱ።

አላህ ተመካክረው ከሚሠሩት ባሮቹ ያድርገን።