የጤና መኮንን ሥልጠናና የወደፊት ዕድሉ
(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የጉባኤ ክፍል ስለ መካከለኛ የሕክምና ባለሞያዎች ትምህርትና የሥራ ዕድል እንድናገር ሲጠይቀኝ፥ ጥያቄውን የተቀበልሁት በደስታም በሥጋትም ነው። እኔ ራሴ በዚህ ዓመት ትምህርቴን የምፈጽም የጤና መኮንን ተማሪ ስለ ሆንሁ፥ ስለ እንጀራዬ የምሟገት መስዬ እንዳልታይ እፈራለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ የእኔ እንጀራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። ሐኪም በሌለበት ወረዳ የታመመውን ማን ያክመዋል የሚለው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ ስለ ማን እንደምናገር ልግለጽ። በሐኪምና በነርስ መካከል ቆሞ፥ በሽታን መርምሮ የሚለይ፥ መድኃኒት የሚያዝ፥ የሚያዋልድ፥ ከዚያም አልፎ ስለ ምንጩ ውሃ ንጽሕና፥ ስለ ክትባትና ስለ ወባ ትንኝ የሚያስብ ባለሞያ አለ። አባቶቻችን ለዚህ ሰው የሚቀርበውን መጀመሪያ ያወቁት «ድሬሰር» በሚለው ስም ነው። ድሬሰሩ በሆስፒታል ውስጥ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምሮ ወደ ገጠር ክሊኒክ ይላክ ነበር፤ ባላገሩ ግን «ዶክተር» ብሎ ይጠራው ነበር። ባላገሩ በዚህ አልተሳሳተም፤ ከድሬሰሩ በቀር ሌላ ዶክተር አልነበረውምና።

ይህን ነገር በሥርዓት ያቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነው። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፥ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ የዓለም ጤና ድርጅት፥ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ተባብረውበታል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እዚያው ጎረቤት በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ከዚህ ኮሌጅ ዐሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑን ስናስብ፥ የጎንደሩ ሥራ ምን ያህል አስቀድሞ የታሰበ እንደ ነበረ እንረዳለን።

ኮሌጁ ሦስት ዐይነት ባለሞያዎችን ባንድነት ያሠለጥን ነበር፤ የጤና መኮንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱም አብረው ተምረው አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። አሳቡ ግልጽ ነው። የልጁን ተቅማጥ አክሞ የሚጠጣውን ውሃ ያላጸዳ ሰው፥ ያንኑ ልጅ በሚቀጥለው ወር መልሶ ያክመዋል። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. መካከል ወባ እንደ ገና በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሰው መሞቱ ሲገመት፥ በከተማ ሆስፒታል የተቀመጠ ሐኪም ብቻውን ይህን ሕዝብ ሊደርስለት እንደማይችል ለሁሉም ታየ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ትምህርት ከዚያ ወዲህ እያደገ ሄዷል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም። በ1970ዎቹ መባቻ ኮሌጁ የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆነና የጤና መኮንኖች ትምህርት ተቋረጠ። ሐኪም ማሠልጠኑ መልካም ሥራ ነበር፤ የጤና መኮንኑ መቅረት ግን ክፍተት አስከተለ። ትምህርቱ ተመልሶ የተከፈተው ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በ1980ዎቹ መጨረሻ፥ በጎንደር፥ በጅማ፥ በዓለማያና በዲላ ነው። ቀጥሎም በ1998 ዓ.ም. በተፋጠነ ዘዴ 5,000 የጤና መኮንኖችን ለማውጣት ታቅዶ ብዙ ሆስፒታሎች ማስተማሪያ ሆኑ። አንድ ጊዜ ዘጋን፤ ሌላ ጊዜ በጥድፊያ ከፈትን። በበኩሌ ምክንያቱ አንድ ይመስለኛል፤ የጤና መኮንኑን ዶክተር እስኪበዛ ድረስ የቆመ ተተኪ አድርገን ማየታችን ነው። በተተኪነት ለታየ ሰው ደግሞ የወደፊት መንገድ አይታሰብለትም።

የሌላውን አገር ልምድ ብናይ ልዩነቱ ይገለጻል። በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ በባሕር ኀይል የሕክምና ረዳት የነበሩ አራት ሰዎች ተቀብሎ የሐኪም ረዳት ትምህርት የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ነው። የጎንደሩ ኮሌጅ ከዱክ ዐሥራ አንድ ዓመት ይቀድማል። ዛሬ ግን የአሜሪካ የሐኪም ረዳቶች ከ150,000 በላይ ናቸው፤ የራሳቸው ፈተና፥ የራሳቸው ማኅበር፥ ሥልጣናቸውን ለይቶ የሚያሳውቅ ሕግ አላቸው። እነርሱ ከእኛ ኋላ ተነሥተው የቀደሙን በገንዘብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሞያውን እንደ ቋሚ ሞያ ስለ ያዙት ጭምር ነው።

አሁን ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለሥራ ልምምድ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ተልኬ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። አንድ ሌሊት አንዲት ወላድ በቃሬዛ መጣች። ልጁ በቤት ተወልዷል፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙ ይፈስሳል። የጤና መኮንኑ ጋሽ እንበለው፤ እኛ ተለማማጆች እንደዚያ ነበር የምንጠራው። ጋሽ በእጅ ባትሪ ብርሃን በሁለቱም እጆቿ ግሉኮስ አስገባ፥ ማሕፀን የሚያኮማትረውን መርፌ ወጋ፥ ጓንቱን አጥልቆ የእንግዴ ልጁን በእጁ አወጣ። ደሙ ቆመ። አምቡላንሱ የደረሰው ሊነጋ ሲል ነው። እርሱን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ የሚጭነው አስከሬን ነበር።

ጧት ሻይ ስንጠጣ፥ «ጋሽ፥ እዚህ ስንት ዓመትዎ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ዘጠኝ» አለኝ። «በዐሥረኛው ዓመትስ ምን ይሆናሉ?» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «ያው ነኝ፤ አንተ ተመርቀህ ብትመጣ ደሞዛችን ብዙም አይራራቅ» አለኝ። ከዚያም በከተማ የአንድ ርዳታ ድርጅት መጋዘን ለመቆጣጠር ማመልከቻ ማስገባቱን ነገረኝ። በሥራው አልተማረረም፤ ሕዝቡንም አልሰደበም። የሚወጣበት መሰላል ስላጣ ብቻ የሚሄድ ሰው ነበር። ከሄደ ያንን ሌሊት የሚያውቅ እጅ ከወረዳው ይሄዳል። በእርሱ ቦታ የሚመጣው ደግሞ እንደ እኔ ያለ ጀማሪ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ይህ ነው። የመካከለኛውን ባለሞያ በገጠር የሚያጸናው ምክርና ተግሣጽ ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ የሚታይ መንገድ ነው። ይህም መንገድ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል።

አንደኛ፥ ምን መሥራት እንደሚችልና ምን መሥራት እንደማይገባው በጽሑፍ የተወሰነ ሥልጣን። ሥልጣኑ ያልተለየለት ሰው አንድም ፈርቶ እጁን ያጥፋል፤ አንድም ከዐቅሙ በላይ ይደፍራል። ሁለቱም ሕሙሙን ይጎዳሉ።

ሁለተኛ፥ የሚጠይቀው አማካሪ። በወረዳ ያለ የጤና መኮንን በሆስፒታል ካለው ሐኪም ጋራ በስልክ ሊነጋገር፥ የላከው ሕሙም ምን እንደ ሆነ ተመልሶ ሊሰማ ይገባዋል። የላከውን ሕሙም መጨረሻ የማያውቅ ባለሞያ ከስሕተቱ አይማርም።

ሦስተኛ፥ የአገልግሎት ዘመኑን የሚቈጥር የዕድገት ደረጃ። ይህ ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃው በአገራችን አለ። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. መካከል የጤና መኮንኖችን በሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ ማሠልጠን ተጀመረ። እነዚህ ሰዎች ስፔሻሊስት በሌለባቸው ሆስፒታሎች እናቶችን በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ። ልብ በሉ፤ ይህ መሰላል ወደ ላይ ይወጣል፥ ወደ ከተማ ግን አይሸሽም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ጉዳይ ከዚሁ ይገባል። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ልጆች የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የብዙዎቹ ጥያቄ «ከዚህ በኋላ ወዴት?» የሚል ሆነ። ወደ ደረጃ አራት የሚያሳድግ ትምህርት ሲከፈት ለጥያቄው ከፊል መልስ ተገኘ። ስለ ጤና መኮንኑ የምንለው ለእነርሱም ይሠራል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱንም ከዚህ አዳራሽ ጓደኞቼ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው፥ «ሁሉም መሰላሉን ከወጣ ከታች ማን ይቀራል?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን መሰላሉን መንሣት አይደለም፤ ከመሰላሉ እርከኖች አንዳንዶቹን እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ማቆም ነው። ከፍ ያለ ማዕረግ፥ ከማዕረጉ ጋራ የሚሄድ ደሞዝ፥ ጀማሪዎችን የማስተማር ኀላፊነት በወረዳ ላለ ሰው ቢሰጥ፥ ለማደግ ሲል ወረዳውን መልቀቅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሕክምና ተማሪዎች በኩል የሚመጣ ነው፤ «ለድኻው ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ልትሰጡት ነውን?» ይላሉ። ሥጋቱን አልንቀውም። የጤና መኮንን መኖሩን ምክንያት አድርጎ ለገጠሩ ሐኪም አለመላክ ትልቅ በደል ነው። ነገር ግን ያች ወላድ በዚያ ሌሊት የምትመርጠው በጋሽና በስፔሻሊስት መካከል አልነበረም፤ በጋሽና በመቃብር መካከል ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለምን? የቅርቡ ጎረቤት በሚገባ የተማረ፥ የሚጠየቅና የሚቈጣጠረው ያለው እንዲሆን ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።

ከዚህ ላይ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ሌላ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት የጤና መኮንን ተመርቀው፥ ፈተናቸውን አልፈው፥ ቅጥር በመጠበቅ በየቤታቸው የተቀመጡ ልጆች አሉ። በሌላ በኩል ሰው የሚፈልጉ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ይህ የሚሆነው የሚገባው ተማሪ ቁጥር ከሥራ መደቡና ከበጀቱ ጋራ ሳይመከርበት ሲወሰን ነው። ዘርቶ ጎተራ አለማዘጋጀት የገበሬ ሥራ አይደለም።

ንግግሬን በሦስት ልመና ልደምድም። መምህራኖቻችንን የምለምነው፥ የተግባር ትምህርታችን ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ብቻ እንዳይቀርና በጤና ጣቢያ የምንቈይበት ጊዜ እንዲበዛልን ነው፤ በዚያም እንደ ጋሽ ያሉትን ሰዎች መምህራን ብላችሁ ብትሰይሟቸው ለእነርሱ ክብር፥ ለእኛም ዕውቀት ይሆናል። ማኅበራችንን የምለምነው፥ የተመራቂዎችን የሥራ ሁኔታ በየዓመቱ አጣርቶ በዚህ ጋዜጣ እንዲያወጣ ነው፤ በቁጥር ያልተደገፈ ቅሬታ ሰሚ አያገኝምና።

እናንተን ጓደኞቼን የምለምነው ደግሞ አንድ ነገር ነው። የሕክምና ተማሪ ነገ ዶክተር ሆኖ በስልኩ ማዶ ይቀመጣል፤ የምሕንድስናው ተማሪ የጤና ጣቢያውን መብራት ይዘረጋል፤ የሕግና የአስተዳደር ተማሪው የሥራ መደቡን ይጽፋል። ያን ጊዜ ከሩቅ ወረዳ በሌሊት የሚደውለውን ሰው ድምፅ «ጤና መኮንን ብቻ ነው» ብላችሁ እንዳታቃልሉት እለምናችኋለሁ። ለሺህ ፍልጥ ማሰሪያው ልጥ ነው እንደሚባለው፥ ሆስፒታሉንና ቀበሌውን አንድ ላይ የሚያስረው ይህ ሰው ነው።

እኔም በበኩሌ ተመርቄ ወደምመደብበት እሄዳለሁ። በዐሥረኛው ዓመት አንድ ተለማማጅ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቀኝ፥ «ያው ነኝ» ከሚለው የተሻለ መልስ እንዲኖረኝ እመኛለሁ።