ለጎተራ የሚበጁ ዕፅዋት
(በደብረ ማርቆስ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ረሃብ የሚመጣው በዝናብ መቅረት ብቻ አይደለም፤ የተሰበሰበውን እህል ነቀዝ ከፈጀውም ቤት ባዶ ይቀራል። በ1977 ዓ.ም. ከድርቅ ቀጣናዎች ወደ መተከል፣ ፓዌ የሰፈሩ ወገኖች ይህን በቆላው አይተዋል፤ ሙቀት የነቀዝን መራባት ያፋጥናልና።

ጎጃም ለዚህ የሚረዳ ዕፅ አላጣም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በወንዝ ሲበተን ዓሣ እንደሚያሰክር ከጥንት ይታወቃል። ኃይሉም ሮቴኖን ከተባለ ንጥረ ነገር የሚገኝ ሲሆን፣ ዱቄቱ ነቀዝንም ይገድላል። እናቶች ልብስ የሚያጥቡበት እንዶድም ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ደርሰውበታል። የገበሬው ዕውቀት በምርምር ሲፈተን የሚያስገኘው ጥቅም ይህን ያህል ነው።

ሆኖም መርዝ መርዝ ነው። በመሆኑም የብርብራ ዱቄት ለዘር በተለየ እህል ላይ ብቻ ይነስነስ፤ ከምንጭ፣ ከወንዝና ከሕፃናት ይራቅ። ያ ዘር ቢቸግርም ለምግብ አይውልም።

ለቀለብ የሚሆነው እህል በፀሐይ በሚገባ ይድረቅ፤ ጎተራውም አሮጌው እህል ተጠርጎ በወይራ ይታጠን። በቆሎና ባቄላ ከጤፍ ጋር ተደባልቀው ይቀመጡ፤ ደቃቁን ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶም መተላለፊያ ያሳጣዋል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

ዝናቡን ማዘዝ አንችልም፤ ጎተራችንን መጠበቅ ግን በእጃችን ነው። ዘሩን ያተረፈ ገበሬ ለከርሞ ተስፋ አለው።