መልእክተኛ ወይስ አስተርጓሚ? ስለ ጌትዌይ አሠራር የተደረገ ንግግር



በኤሌክትሪክ ማከፋፈያና በውኃ መግፊያ ጣቢያ ካሉት መለኪያዎችና መቈጣጠሪያዎች ብዙዎቹ የሚናገሩት በአንድ የሽቦ መሥመር ላይ ነው፤ ይኸውም ቢቶቹን አንዱን ከሌላው በማስከተል በየተራ ይልካሉ። ይህ ዐይነቱ አላላክ ሲሪያል ይባላል። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ግን በኤተርኔት መረብ የሚነጋገር ስለ ሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ጌትዌይ የሚባል ትንሽ ሣጥን በመካከል ይቆማል። ይህ ሣጥን በየትኛው ሞድ ይሥራ የሚለው ጥያቄ የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን ግዥውን የሚፈርመውና ሥራውን የሚረከበው የመሥሪያ ቤት ሹም ነውና ምን እንደሚጠይቅ ሊያውቅ ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት፣ ሣጥኑ መልእክተኛ ይሁን ወይስ አስተርጓሚ የሚለው ነው። መልእክተኛ የታሸገ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል እንጂ ውስጡን አያነብም፤ ሣጥኑም በዚህ ሞድ ሲሠራ ከሽቦው የተቀበለውን ባይት እንዳለ ወደ መረቡ ያሳልፋል። አስተርጓሚ ግን ቋንቋውን ማወቅ አለበት። ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውን ሞድባስን እንውሰድ። በሽቦ የሚሄደው የሞድባስ መልእክት በመጨረሻው ስሕተት የሚመረመርባቸው 2 ባይቶች አሉት፤ በመረብ የሚሄደው ግን እነዚህን ትቶ በፊቱ የ7 ባይት ራስጌ ይይዛል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ የመረቡን ሞድባስ እየተናገረ ሣጥኑ በመልእክተኛነት የተሰናዳ እንደ ሆነ፣ መለኪያው የደረሰውን ሊያውቀው አይችልምና ዝም ይላል። ሽቦው ደኅና ነው፤ የሣጥኑም መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል፤ መልስ ግን የለም። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ሠራተኛን የሚያደክም ብልሽት የለም፤ የተበላሸ ዕቃ የለበትምና።

መልእክተኛነት ከተመረጠ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ንግግሩን ማን ይጀምር የሚለው ነው። ሣጥኑ ሰርቨር ሲሆን በሩን ከፍቶ ጠሪውን ይጠብቃል፤ ክላየንት ሲሆን ራሱ ሄዶ ኮምፒዩተሩን ይጠራል። ዩዲፒ የተባለው ስልት ደግሞ መልእክቱ መድረሱን ሳያረጋግጥ ይልካል።

በሽቦው በኩል ፍጥነቱና ፓሪቲው በሁለቱም ወገን አንድ መሆን አለበት። ከዚህም በቀር በሽቦው ሞድባስ አንዱ መልእክት ከሌላው የሚለየው ቢያንስ የ3 ተኩል ፊደል ጊዜ ያህል በሚቆይ ዝምታ ነው፤ ይህም በ9600 ፍጥነት 4 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። መልእክተኛው ይህን ዝምታ ሳይጠብቅ ቢቸኩል፣ አንዱን ቃል ለሁለት ቈርጦ ያደርሳል። አስተርጓሚው ግን ጠባዩ የተሻለ ነው፤ መለኪያው ባይመልስለት 11 ቁጥር የተባለውን የስሕተት ምልክት ለኮምፒዩተሩ ይልካል። በዚህም ጥፋቱ ከሣጥኑ ወዲያ መሆኑ ይታወቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የተለመደው ሞድባስ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ በ502 ቁጥር ፖርት የደረሰ ሁሉ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማዘዝም ይችላል። ስለዚህ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ሣጥን ከማን ጥሪ እንደሚቀበል በአድራሻ ተወስኖ ሊሰጠው፣ ወደ ኢንተርኔትም በቀጥታ እንዳይወጣ ሊደረግ ግድ ነው።

የሣጥኑ ጥቅም በጉልህ የታየው በጠፋ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 2015 በዩክሬን ሦስት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ኩባንያዎች በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ተመትተው፣ 225,000 ያህል ደንበኞች መብራት አጡ። አጥቂዎቹ የገቡት አስቀድሞ በተላከ የማታለያ ኢሜይል፣ በኩባንያዎቹ ኮምፒዩተሮች በኩል ነበር። መሥመሩን ካቋረጡ በኋላ ግን በጣቢያዎቹ የነበሩትን ሲሪያልን ከኤተርኔት የሚያገናኙ ሣጥኖች ፕሮግራም አበላሹ። በዚህም ምክንያት ከመቈጣጠሪያው ክፍል ወደ ጣቢያዎቹ ማዘዝ የማይቻል ሆነ፤ ሠራተኞቹ ጣቢያ ድረስ ሄደው በእጃቸው መብራቱን መለሱ።

እናንተም እንዲህ ያለ ሥራ ስትረከቡ፣ የሣጥኑ ሞድ፣ የሽቦው ፍጥነትና ፓሪቲ፣ የሚጠብቀው የጊዜ ልክ፣ እንዲጠሩትም የተፈቀደላቸው አድራሻዎች በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃል መለወጡንም አረጋግጡ። አንዱ ቅጂ በጣቢያው፣ ሌላው በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ ሣጥኑ የተቃጠለ ዕለት ምትኩን የሚያሰናዳው ሰው የሚፈልገው ይህን ወረቀት ነው።