በተነገረው ሥራና በተገኘው ሥራ መካከል

(ለአጥቢያ ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



አባታችን ያዕቆብ ከወንድሙ ቁጣ ሸሽቶ ወደ ካራን በወረደ ጊዜ የተቀበለው ባዕድ ሰው አልነበረም፤ የእናቱ ወንድም ላባ ነበር። ስለ ራሔል ሰባት ዓመት አገለገለ፤ ሲነጋ ግን ያገኛት ልያን ነበረች። ከዚያም በኋላ ደመወዙ ዐሥር ጊዜ ተለዋወጠበት። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ትዕግሥት እናስተምርበታለን። ዛሬ ግን በሰው አገር፣ በዘመድ ቃል ታምኖ ሥራ የገባ ሰው ታሪክ አድርገን እንመልከተው። የተነገረውና የተገኘው በተለያየበት ጊዜ ያዕቆብ አቤት የሚልበት ደጅ አልነበረውም።

ይህን ያነሣነው በየአጥቢያችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ ሴት ልጆቻችን ለመነጋገር ነው። ልጅቱ ስትሄድ የሚነገራት «የቤት ሥራ ነው» ተብሎ ነው። የቤት ሥራን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ውኃ ቀድታለች፣ እንጀራ ጋግራለች፣ ታናናሾቿን አዝላለች። ስለዚህ እንግዳ ነገር የሚጠብቃት አይመስላትም። ስትደርስ የምታገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሙያ ነው። አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊን ማገላበጥ፣ ማጠብና መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት የአስታማሚ ሥራ ነው። ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር አድሮ ጠዋት ታላላቆቹን ለትምህርት ቤት ማሰናዳት የሞግዚት ሥራ ነው። ባለ ብዙ ክፍል ፎቅ ቤትን በየቀኑ በበረኪና ማጽዳት ብቻውን የአንድ ሰው ሙሉ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ስምና በአንድ ደመወዝ ይጠቃለላል። አንዳንድ ጊዜ የአሠሪዋ እናት ወይም እኅት ቤት ይታከልበታል። በረመዳን ወር ደግሞ የማፍጠሪያውና የሌሊቱ ማዕድ ስለሚከታተል የመኝታ ሰዓቷ እጅግ ያጥራል። ቅን አሠሪ አግኝተው፣ ደመወዛቸውን በወሩ እየተቀበሉ፣ ተከብረው የሚኖሩ ልጆች መኖራቸውን አንክድም። ነገር ግን የሚደርሳት የትኛው ቤት እንደሆነ ልጅቱ አስቀድማ የምታውቅበት መንገድ ጠባብ ነው።

ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። በደል ደርሶባት ከቤቱ ብትወጣ ጠፊ ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች፤ ያን ጊዜ አቤቱታዋ ሳይሰማ ራሷ ሕገ ወጥ ሆና ትገኛለች። ሥርዓቱን በከፊል ያሻሻሉ አገሮች አሉ፤ ኩዌትም እ.ኤ.አ. በ2015 ለቤት ሠራተኞች የተለየ ሕግ አውጥታለች። ሆኖም ሥራው በግለሰብ መኖሪያ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ተቆጣጣሪ በቀላሉ አይደርስበትም።

ለእኛ ለአገልጋዮች የሚከብድ ሌላም ነገር አለ። በረቡዕና በዓርብ የቀረበላትን ካልበላች ሌላ የምትበላው የሌላት ልጅ አለች። ማዕተቧን እንድትፈታ የምትጠየቅ አለች። በሳዑዲ ዓረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በሊባኖስ ምእመናኖቻችን የሚሰበሰቡባቸው አጥቢያዎች ቢኖሩም የዕረፍት ቀን የተነፈገች ልጅ ልትደርስባቸው አትችልም። ይህን ሁሉ ከመሄዷ በፊት ከንስሐ አባቷ ጋር ያልተመካከረች ልጅ «ጾም ፈትቻለሁ» እያለች ራሷን ከቤተ ክርስቲያን ታርቃለች፤ በተመለሰችም ጊዜ ወደ ቅጥሩ መግባት ታፍራለች።

መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ጉዞውን አግዶ ነበር። በዚያው ዓመት ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። እገዳው ግን ጉዞውን አላስቀረውም፤ ብዙዎች በደላላ እየተመሩ በበረሃና በባሕር መንገድ ሄዱ። በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ፤ አዋጁም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከዚህ ሕግ ጥቂት ነጥቦችን ሊያውቅ ይገባዋል። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ አትሄድም። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲም ለሠራተኞች መብት ዋስትና የሚሆን ገንዘብ ያስይዛል። እንግዲህ አንድ ደላላ «ለቪዛና ለትኬት» ብሎ ገንዘብ ከጠየቀ ማታለሉ ገና ከደጃችን ሳትወጣ ተጀምሯል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየደረሰ ቀጣይዋ ልጅ ያንኑ ተስፋ ይዛ የምትሄደው ስለ ምንድን ነው? ከምናየው ተነሥተን ብንመልስ ዋናው ምክንያት ዝምታ ነው። ልጅቱ በስልክ «ደኅና ነኝ» ትላለች፤ እናቷ እንዳትታመም፣ ለመንገዷ ያበደሩትም እንዳይደነግጡ ብላ ነው። የምትልከው ገንዘብ ይታያል፤ ያልተኛችበት ሌሊት አይታይም። በሣር ክዳኑ ፈንታ የተመታው ቆርቆሮ ለመንደሩ ሁሉ ያበራል፤ የጎረቤት ልጅም እርሱን አይታ ትነሣለች። የሄደችው ልጅ እውነቱን የምትናገረው ተመልሳ ከንስሐ አባቷ ፊት ስትቀርብ ነው። እርሱም በንስሐ የሰማውን ለማንም አይናገርም፤ ሊናገርም አይገባውም። ስለዚህ እውነቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ሆኖም ታትሞ ይቀመጣል። ካህኑ የሚያውቀውን ሰበካ ጉባኤው አያውቅም። ከንስሐ ውጭ፣ ሥራው በእርግጥ ምን እንደሆነ ያለ ኀፍረት የሚነገርበትን ቦታ መክፈት የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ነው።

በዚህ ረገድ አጥቢያዎች ያለ ተጨማሪ በጀት ሊፈጽሟቸው የሚችሏቸውን ሦስት ተግባራት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከመሄዷ በፊት እንጠይቅ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ተጣርቷልን? በቤቱ ስንት ሰው ይኖራል? ሕፃን ወይም የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሕመምተኛ አለን? የዕረፍት ቀኗ በውሉ ተጽፏልን? የውሉና የፓስፖርቱ ቅጂ ለቤተሰቧ ቀርቷልን? በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ከፍታለችን? የኤምባሲውን ወይም የቆንስላውን ስልክ ቁጥር በቃሏ ይዛለችን? ለእነዚህ መልስ የሌላት ልጅ ጉዞዋን እንድታዘገይ መምከር ፍቅር ነው። የንስሐ አባቷም ስለ ጾምና ስለ ጸሎት በሚገጥማት ሁኔታ ምን ማድረግ እንደሚገባት አስቀድሞ ይምከራት።

ሁለተኛ፣ በዚያ ሳለች አንርሳት። ለሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ወይም ለስእለት ገንዘብ ስትልክ መጠኑ ከመነገሩ አስቀድሞ ስለ ጤናዋና ስለ ዕረፍቷ ይጠየቅ፤ ስመ ክርስትናዋም በጸሎት ይታሰብ። ቤተሰቧ ከምትልከው ሁሉ ከፍሎ ለእርሷ እንዲያስቀምጥ የንስሐ አባት ቃል ይሰማልና እንናገር። ለአምስት ዓመት ደክማ፣ ወንድሞቿን አስተምራና ቤት አሠርታ፣ ራሷ ባዶ እጇን የምትቀር ልጅ እንዳትኖር ነው።

ሦስተኛ፣ ስትመለስ በክብር እንቀበላት። ያመጣችው ሻንጣ አይቆጠር። ታማ ወይም ገንዘብ ሳትይዝ የተመለሰችውን «አልሆነላትም» የሚል ወሬ እንዳይከተላት ካህናት በትምህርታቸው ያሳስቡ። ፈቃደኛ የሆነች እንደሆነ ለመሄድ ከሚያስቡ ልጆች ጋር በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በእናቶች የጽዋ ማኅበር በጥቂቱ ተሰብስበው ትነጋገር፤ በዐውደ ምሕረት ቆማ እንድትመሰክር ግን አትገደድ። ከእርሷ አንድ ሰዓት የሚሰማው ቃል ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይበልጣል፤ ያን ቤት፣ ያን ሌሊትና ያን ደመወዝ የምታውቀው እርሷ ናትና።

«ሂጂ» ወይም «ቅሪ» ብሎ የመወሰኑ ሥልጣን የእኛ አይደለም። ድህነት የሚገፋት ልጅ ምርጫዋ ጠባብ መሆኑን እናውቃለን። የእኛ አደራ የምትሄድ ልጅ የምትሄድበትን ሥራ በስሙ አውቃ እንድትሄድ፣ የምትመለስ ልጅም የምትናገርበት ደጅ እንድታገኝ ማድረግ ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአንድ አጀንዳ ይዞ፣ ከአጥቢያው የሄዱትን ልጆች በስም እንዲመዘግብና ቤተሰቦቻቸውን የሚጎበኙ አንድ ካህንና አንዲት እናት እንዲመድብ በትሕትና እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።